ምዕራፍ ሰባት፦ አቁመው የሚማሩት ማክሮ ኢኮኖሚክስ

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። መምህሩ ለጥቂት ደቂቃ የዕለቱን ርዕስ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት መጥቶ በእንግሊዝኛ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ራሷ መልሳ ትቀጥላለች። ሥርጭቱ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ስለሆነ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም መምህሩ ስክሪኑ ላይ ያለችውን "አንዴ ቆዪ" ሊላት አይችልም። ደቂቃው ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ለማጠቃለያ የቀረችው ጊዜ ደግሞ ሰሌዳ ለመጥረግ እንኳ አትበቃም።

ያኔ የሚሰማው ቅሬታ በአብዛኛው ስለ ቋንቋውና ስለ ንግግሩ ፍጥነት ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ቅሬታዎች ናቸው። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ግን ከሁለቱም የሚብሰው ትምህርቱ አለመቆሙ ነበር። ያልገባን ነገር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ከሌለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ባልገባው ላይ ይደረባል። በተለይ ማክሮ ኢኮኖሚክስን የመሰለ፣ ሦስተኛው ነገር ያለ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ያለ መጀመሪያው የማይቆም ትምህርት በዚህ መንገድ አይያዝም።

ዛሬ ግን ትምህርቱን እያቆምኩ የምማርበት ቦታ አለኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ንጋት ላይ የሚቀሰቅሰኝ የደብረ ብርሃንና የደሴ ተሳፋሪ የሚጠሩ ረዳቶች ድምፅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች አንዲት የጀበና ቡና ቤት ውስጥ እንቀመጣለን። አንደኛው በሂሳብ ሥራ ዕድሜዬን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ኢኮኖሚክስ ያጠና ወጣት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነውን የመውጫ ፈተና ለመውሰድ ይዘጋጃል። ሦስተኛዋ የቡና ቤቱ ባለቤት ናት፤ የጫኝና አውራጆቹን ዕቁብ የምትሰበስበውም እሷ ናት። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፤ እኔና ልጁ እየተረጎምንላት ትከታተላለች። ቪዲዮውን ሌሊት በቅናሽ ፓኬጅ አውርደን እናቆየዋለን። ይህ ልማድ ከሰኔ 2012 መጨረሻ ወዲህ የመጣብን ነው፤ ያኔ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ በስልካችን ያስቀመጥነው ብቻ ነበር የቀረልን።

የምናየው በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው፣ ሪካርዶ ካባሌሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ጸደይ ያስተማረውን ኮርስ ነው። ካባሌሮ ቺሊያዊ ነው። ክፍሉ ውስጥ ላሉት ተማሪዎች ሲያስተምር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀርጾ ለማንም በነፃ ተለቋል፤ ኤም.አይ.ቲ. የኮርሶቹን ሰነድ ለዓለም በነፃ እንደሚከፍት ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። ኮርሱ የሚከተለው የኦሊቪዬ ብላንሻርን መጽሐፍ ነው። ብላንሻር ፈረንሳዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት ነበር። የኮርሱ ስም "መሠረታዊ" ቢልም ይዘቱ እኛ አገር በሁለተኛ ዓመት የሚሰጠው መካከለኛ ማክሮ ኢኮኖሚክስ ነው።

መካከለኛ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ደረጃ ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት ምን እንደሆነ፣ ግሽበት እንዴት እንደሚለካ ያስተምራል፤ ነገሮቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል። መካከለኛው የሸቀጥ ገበያን፣ የገንዘብ ገበያንና የሥራ ገበያን በአንድ ጊዜ እጅ ላይ መያዝ ነው። አንዱን ስትነካ ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ቢል ፊሊፕስ የተባለው ኒውዚላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በቧንቧና በጋን የሚዘዋወርበት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ገቢ ከላይ ይወርዳል፤ ቁጠባና ግብር በየጎኑ ይቀዳል፤ የተረፈው ተመልሶ ይሽከረከራል። ቧንቧውን እየከፈቱና እየዘጉ የውሃው ከፍታ የት እንደሚረጋ ማየት ይቻላል። እኛም ቪዲዮውን የምናቆመው ለዚሁ ነው፤ ውሃው የት እንደሚረጋ ለማየት።

ካባሌሮ የሚጀምረው በሸቀጥ ገበያ ነው። አንዱ ያወጣው ብር ለሌላው ገቢ ነው፤ ያም ሰው ከገቢው ከፊሉን ያወጣል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ከእያንዳንዷ ተጨማሪ ብር 80 ሳንቲም የሚወጣ ከሆነ የመጀመሪያዋ 1 ብር በመጨረሻ 5 ብር ገቢ ትፈጥራለች፤ 1 ለ0.2 ሲካፈል 5 ነውና። ይህን ቁጥር ማባዣ ይሉታል። ልጁ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፤ ለፈተና ስንቴ አስልቶታል።

የቡና ቤቱ ባለቤት ግን ሲኒ እያጠበች "ጋሼ፣ የእኛ ሰፈር ብር እንዲህ አምስቴ የሚዞር ቢሆን እስከ ዛሬ ሀብታም አንሆንም ነበር?" አለችኝ። ቪዲዮውን አቆምነው።

የአንድ ጫኝና አውራጅ የቀን ገቢ የት እንደሚሄድ እሷ ከእኛ ይበልጥ ታውቃለች። ቡናውና ምሳው እዚሁ ይቀራል፤ የሽሮው አተር ከሸዋ የመጣ ነው፤ ያ ብር ለገበሬ ይደርሳል። የተገዛው ጫማ ግን ከውጭ የመጣ ነው፤ ስልኩም እንዲሁ፤ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጎማም ነዳጅም በዶላር የተገዛ ነው። ለስሌት ያህል ከ1 ብር ውስጥ 30 ሳንቲም ለውጭ ዕቃ ይሄዳል እንበል። ያን ጊዜ 1 የሚካፈለው ለ0.2 መሆኑ ቀርቶ ለ0.5 ይሆናል፤ ማባዣውም ከ5 ወደ 2 ይወርዳል። ካባሌሮ ይህን አልዘነጋውም። እሱ የተዘጋ ኢኮኖሚን አስቀድሞ ክፍቱን ወደ ኮርሱ መጨረሻ ነው የሚያመጣው፤ ለአሜሪካ ተማሪ ይህ ቅደም ተከተል ያስኬዳል። በ2016 የበጀት ዓመት ወደ ውጭ የላከው ሸቀጥ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከውጭ ያስገባው ደግሞ ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ ለሆነ እንደ እኛ ላለ አገር ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያው ሳምንት መምጣት አለበት። ልጁ ደብተሩ ላይ ሁለቱን ማባዣ ጎን ለጎን ጻፋቸው። የሸመደደውን ቀመር ሲጠራጠር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የመጣው የወለድ ትምህርት ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። በካባሌሮ ሰሌዳ ላይ ማዕከላዊ ባንኩ የወለድ ተመኑን ይመርጣል፤ መስመሩም አግድም ይሰመራል። ኩባንያው ተመኑን አይቶ ማሽን ልግዛ አልግዛ ይላል። ትምህርቱ ሲቀረጽ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ከአንድ ዓመት በፊት ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ተመን ወደ 5 በመቶ አካባቢ አድርሶት ስለነበር ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን በየቀኑ ዜና ላይ ያዩታል።

እኛ ጋ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ተመን አውጥቶ 15 በመቶ ያለው በሐምሌ 2016 ነው። ከዚያ በፊት ዋናው ልጓም የገንዘቡ መጠን እንጂ ዋጋው አልነበረም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ የማንኛውም ባንክ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተበጀለት። ያኔ ግሽበቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ብድር የነበረው ባንክ 114 ያደርሳል፤ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 125 ሆኗል። 114ን ለ125 ብናካፍለው ብድሩ በዕቃ ሲመዘን 9 በመቶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። ቁጥሩ አደገ፤ ብድሩ ግን ጠበበ።

መናኸሪያው አጠገብ አንድ የአባዱላ ባለቤት አውቃለሁ። ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ "ወለዱ ስንት ነው?" የሚል ጥያቄ ከአፉ አልወጣም፤ የጠየቀው "ተራዬ መቼ ይደርሳል?" ብሎ ነው። ካባሌሮ የሚያሰምረው መስመር በዋጋ የሚያመዛዝን ገበያ ነው፤ የእኛው በሰልፍ የሚያመዛዝን ነበር። ይህን ሳያዩ መስመሩን መሸምደድ ይቻላል፤ ፈተናም ያሳልፋል። ለአባዱላው ባለቤት ግን ምንም አይነግረውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ስሌት አለች፤ ብዙ ተማሪ ሳያያት ያልፋል። እውነተኛ ወለድ ማለት ባንክ የሚከፍለው ወለድ ሲቀነስ ግሽበት ነው ይላሉ ሁሉም አስተማሪዎች። ይህ አቋራጭ ነው፤ የሚሠራውም ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ነው። ግሽበት 2 በመቶ በሆነበት አገር ልዩነቱ አይታይም። 2014 ዓ.ም. ግን የእኛ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ የነበረበት ጊዜ ነው። በአቋራጩ 7 ሲቀነስ 30 ብንል ቆጣቢው 23 በመቶ ከሰረ። በትክክሉ ስሌት 1.07ን ለ1.30 ስናካፍል ግን 0.82 ገደማ ይመጣል፤ የከሰረው 18 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱም ያማል። ሆኖም በአምስት ነጥብ የሚሳሳት ቀመር ይዞ ስለ አገሩ የሚናገር ሰው አድማጩን ያሳስታል።

18 በመቶውም ቢሆን ሰፈራችን ውስጥ ምን እንዳደረገ በዓይን ይታያል። ሰው ብር ከማስቀመጥ ፌሮ ብረት ማስቀመጥ መረጠ። ቤት የማይሠሩ ሰዎች ግቢ ውስጥ ብረት ተደርድሮ ዝናብ ሲመታው ያየ መንገደኛ የግንባታ ዘመን ነው ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ያ ግን የቁጠባ ደብተር ነበር።

ሰው ለምን ከብር እንደሚሸሽ ለመረዳት እዚህ ላይ ከካባሌሮ ወጥተን ሌላ አስተማሪ ጋ ሄድን፤ ኮርሴራ ላይ የፔሪ መርሊንግን የገንዘብና የባንክ ኢኮኖሚክስ ኮርስ። ይህን ሰው ለማንኛውም የማክሮ ተማሪ ሳላመነታ እመክራለሁ። መርሊንግ የሚለው ገንዘብ ሁሉ እኩል አይደለም፣ ደረጃ አለው ነው። ከላይ ያለው ታች ላለው መክፈያ ነው፤ ታች ያለው ደግሞ ላይኛውን እከፍላለሁ የሚል ቃል ኪዳን ነው። በሰላሙ ጊዜ ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ ችግር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው ደረጃ ይሮጣል።

የቡና ቤቷ ባለቤት ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ከመደርደሪያው ላይ የዱቤ ደብተሯን አውርዳ አሳየችን። ዱቤው የጫኙ ቃል ነው፤ የሚከፈለው በብር ኖት ወይም ከግንቦት 2013 ወዲህ በመጣው ቴሌብር ነው። ቴሌብሩም የባንክ ሂሳቡም ብር እሰጣለሁ የሚል ቃል ነው። ከብር በላይ ደግሞ ዶላር አለ፤ ጎማ አስመጪው በብር ቁልል ጎማ አያመጣም። "በዓል ሲደርስ ዱቤ አልሰጥም፤ ያኔ ሁሉም ጥሬ ብር ይፈልጋል" አለች። አንድ ሙሉ ትምህርት በዚህ አለቀ።

ዶላር ከላይ ካለ ደግሞ የምንዛሪው ጉዳይ ይመጣል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲገባ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ያንን ቀን ያወሱታል። በጥቅምት 2010 ደግሞ ብር በ15 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በታኅሣሥ 2017 ከ120 ብር አለፈ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ያጸደቀው በዚያው ሰሞን ነው።

የካባሌሮ ትምህርት ስለ ምንዛሪ የሚለው ገንዘብ ያለው ሰው የአገሩን ወለድ ከውጭ አገር ወለድ ጋር አነጻጽሮ፣ የምንዛሪውን ለውጥ ገምቶ፣ ወደሚያዋጣው ያሻግራል ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል እስኪሆኑ ገንዘብ ይጎርፋል። ልጁ "ጋሼ፣ ይሄ እኛ ጋ እንዴት ይሠራል? ገንዘብ ማሻገር ክልክል ነው እኮ" አለ። ትክክል ነበር። የካፒታል በር በተዘጋበት አገር ያ ቀመር ባንክ ውስጥ አይሠራም። ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ወደ ጥቁር ገበያው ሄዶ ነው የሚሠራው። ከሐምሌ 2016 በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ነበር። ሰው ወደፊት ብር ይረክሳል ብሎ ሲያስብ ዛሬ ዶላር ይገዛል፤ ግምቱም ዛሬውኑ ዋጋ ይሆናል።

ይህን ስናሰላ አንድ ግራ ያጋባን ነገር ተፈታልን። በይፋ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲወደድ የሁሉም ነገር ዋጋ እጥፍ ይሆናል ብለው የፈሩ ብዙ ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ የተጠጋው ግሽበት በሰኔ 2017 ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። እንደ እኔ አስተያየት ከምክንያቶቹ ትልቁ ብዙው የውጭ ዕቃ ድሮም በጥቁር ገበያው ዶላር ተተምኖ ሲሸጥ መቆየቱ ነው፤ የብድር ጣሪያውም በዚያ ላይ ተጨመረ። ይህ ማለት ማንም አልተጎዳም ማለት አይደለም። በባንኩ ተመን ሲገቡ የቆዩት ነዳጅና መድኃኒት ወጪያቸው በእርግጥ ጨምሯል፤ ደመወዙ ያልተጨመረለት ሠራተኛም ልዩነቱን ከጉሮሮው ነው የከፈለው።

ያው የውሃው መሣሪያ ባለቤት ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1958 ስላሳተመው፣ ደመወዝንና ሥራ አጥነትን ስለሚያገናኘው ታዋቂ መስመር ብዙ አልቆየንም። እሱ የእንግሊዝን እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1957 ያለውን የደመወዝና የሥራ አጥነት መረጃ ተጠቀመ። በእኛ የዋጋ መለኪያ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው፤ ዝናብ ከደመወዝ ድርድር ይልቅ ዋጋን ያንቀሳቅሳል። በሐምሌ 2000 ግሽበት 64 በመቶ ገደማ ሲደርስ የገፋው የእህል ዋጋ ነበር። ስለ ዕድገት የሚያወሳውን የሮበርት ሶሎውን ሞዴል ደግሞ ለክረምት አቆይተነዋል።

ከመስመሮቹ ሁሉ ይበልጥ ያስቸገረን የአማርኛ ቃሉ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ በአማርኛ በጥልቀት የተጻፈ ነው፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለምን እንደሚጎዳ ያስረዳል። ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ ይታሰብ የነበረውን እኛ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሸምድደን በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅተን ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደብተራችን ሁለት ዓምድ አለው። በግራ ካባሌሮ ያለው ቃል በፊደላችን ይጻፋል፤ በቀኝ እኛ ቡና ቤት ውስጥ ስናወራ የሚገባንን እንጽፋለን። ለጥርጣሬያችን ደግሞ ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር የሚያወጣቸውን ጥናቶች ልጁ እያመጣ ያነብልናል።

ባለፈው ቅዳሜ በግራው ዓምድ ላይ "ኤክስፔክትድ ኢንፍሌሽን" የሚል ተጻፈ። ልጁ "የሚጠበቅ ግሽበት" አለ፤ የመማሪያ መጽሐፍም እንዲሁ ነው የሚለው። እኔ ግን አልጣመኝም፤ እኛ የምንጠብቀው በዓልን ነው፣ እንግዳን ነው። "የሚገመት" ብንልስ አልኩ። የቡና ቤቱ ባለቤት ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንስታ አስቀመጠች።

"ዕቁቤ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዘንድሮ ለምን መጀመሪያ ዕጣ ይሻማሉ? ድሮ መጨረሻ የሚደርሰው ይሻል ነበር፣ እንደ ቁጠባ ነው። አሁን መጨረሻ የደረሰው ብር የሚገዛው የለም ብለው ነው። ገና ያልመጣውን ዋጋ ፈርተው ነው የሚሻሙት። የሚፈራ ዋጋ በሉት።"

ልጁ እኔን አየኝ። በቀኙ ዓምድ "የሚፈራ ዋጋ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም የዕቁቡን ዕጣ ቅደም ተከተል፣ በየወሩ ማን ስንት ዕቃ ሊገዛ እንደቻለ እንድትነግረው ጠይቆ አንድ ሠንጠረዥ ማስመር ጀመረ። ቪዲዮው በ31ኛው ደቂቃ ላይ እንደቆመ ነበር።